አርባ አንድ ቀይ ነጥብ

በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ፣ አንዲት የደብዳቤ አራሚ ነበረች። የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኞች ፋይል ያለበት ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ነጥብ ይላታል። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው የሰው ደብዳቤ ላይ አፍጥጣ ነው። ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ያፈራል፤ እሷ ያፈራችው የአንገት ሕመም፣ ሁለት መነጽርና «ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ ስህተት የለም» የሚል ስም ነው። በዚህ ስም ትኮራ ነበር ማለት ያንሳል፤ ትኖርበት ነበር።

ነጥብ የተባለችው ያለ ነገር አይደለም። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም ሰው «ሽማግሌው» የሚላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው ሰው፣ ከድሮ ጀምሮ ያቆሙት ሥርዓት ነበር። በእሳቸው ክፍል አራሚ አያርምም። ለሰሚ ግራ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ አራሚዋ ስህተት ስታይ በዚያ መስመር ትይዩ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በቀይ እርሳስ አንዲት ነጥብ ታኖራለች፤ በቃ። ስህተቱ ምን እንደሆነ አትናገርም። ጸሐፊው ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ያስተካክላል፣ ይመልሳል። ነጥብ የሌለበት ደብዳቤ በቀጥታ ወደ ፊርማ ይወጣል። «ያረምክለት ሰው ነገም ያንኑ ይደግማል፤ ፈልጎ ያገኘ ሰው ግን አይረሳም» ይላሉ ሽማግሌው። ጸሐፊ «የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቁ ነውር ነበር። ያለ ጥፋት ነጥብ ያኖረ አራሚ ደግሞ እርሳሱን አስረክቦ ከክፍሉ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ደንብ በሽማግሌው ዘመን አንድም ቀን ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም፤ የትኛው እብድ ያደርገዋል ብለው ነው።

እትዬ ነጥብ ለማንኛውም ዓይነት ስህተት ዓይን ነበራት፤ የልቧ ግን ተውላጠ ስም ነው። እኔ፣ አንቺ፣ እሱ፣ እነሱ የሚሉት፣ አፉን የፈታ ሕፃን የሚያውቃቸው ቃላት፣ የተማረ ሰው ቢሮ ሲገባ እንዴት እንደሚጠፉበት የምታውቀው እሷ ናት። ለደንበኛ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው መስመር ላይ «ቆጣሪህን» የሚል አለ፤ ደንበኛው ከሶፋ ተነስቶ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ይሰማዋል። «ዋናው ቧንቧ ፈነዳ፤ ሠራተኞቻችንም ወዲያው ደረሱ፤ ይህም ነዋሪውን ክፉኛ አስቆጣ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ነዋሪውን ያስቆጣው የቧንቧው መፈንዳት ይሁን የሠራተኞቹ መድረስ ፈጣሪ ይወቀው። ሥራው ሲያምር «እኔ»፣ ሲበላሽ «እኛ» የሚልም አለ። ይሄኛው ስህተት ሳይሆን ጠባይ ነው ትል ነበር እትዬ ነጥብ፤ ነጥቧን ግን አታስቀርበትም።

ስለዚህ ሽማግሌው ሲወጡ ወንበራቸው የማን እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ባሏ እንኳ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው፣ ኃላፊ ስትሆን የምትለብሰውን ጃኬት ለክቶ፣ ጨርቁን መርጦ፣ እጅጌውን ቆርጦ አስቀምጧል።

አዲሷ የመጣችው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

ከሌላ መሥሪያ ቤት፣ ለስድስት ወር ሙከራ፣ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆና መጣች። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ረጅም፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ የአንድ ልጅ እናት። ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ በእግሯ ስለምትመጣ ጫማዋ ላይ አቧራ አይጠፋም። ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ነበር የደረሰው፦ የመረጣት ዳይሬክተሩ ራሱ ነው፤ ሙከራዋን ካለፈች ለሽማግሌው ወንበር ትወዳደራለች። እትዬ ነጥብ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር።

አዲሷ መጀመሪያ የጻፈችው ደብዳቤ ለአንድ አዛውንት የተሰጠ መልስ ነው። ሰፈራቸው ለቧንቧ ተቆፍሮ አራት ወር ሳይደፈን ቆይቶ፣ እሳቸውም ገብተውበት እግራቸው ተሰብሯል። እትዬ ነጥብ እርሳሷን ቀርጻ አሹላ ጀመረች። አንዴ አነበበች፤ ምንም የለም። ደገመች፤ ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ያነበበችው ስህተት ፍለጋ አልነበረም። ደብዳቤው «ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ አላለፈም። ያዘገየው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የሚደፍነው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን መጥቶ እንደሚደፍነው፣ ሁሉንም በየቦታው አስቀምጦ፣ አዛውንቱን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በክብር ይዟቸው ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ እርሳሷን አንስታ ብዙ ቆየችና፣ ነጥብ ሳታኖር ወደ ፊርማ ላከችው።

ከአሥር ቀን በኋላ አዛውንቱ በምርኩዝ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ደብዳቤውን የጻፈውን ሰው ፈለጉ። ሊያመሰግኑ። በዚያ ክፍል ለስድብ የመጣ ሰው ሞልቷል፤ አንዱ እንዲያውም ወንበር ሰብሮ ሄዷል። ለምስጋና የመጣ ግን በሃያ አንድ ዓመት አልታየም። በር አጠገብ የምትቀመጠው እትዬ ነጥብ ናትና መጀመሪያ የእሷን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው «አንቺ ነሽ ልጄ?» አሏት። «አይደለሁም፤ እሷ ናት» ብላ አሳየቻቸው። ያቺን «እሷ» ከአፏ ለማውጣት ጥርስ የማስነቀል ያህል ነበር የታገለችው። አዛውንቱ እጇን ለቀው ወደ አዲሷ ሲሄዱ፣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ቅናት ገባባት። ሌላ ስም አንፈልግለት። እንቅልፏ ሳሳ፣ የምትበላው ሁሉ አመድ አመድ አላት። ዳይሬክተሩ ያንን ደብዳቤ ስብሰባ ላይ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው። አዲሷን ኮሪደር ላይ ሲያገኛት «አንቺማ» እያለ ይስቃል፤ ለእትዬ ነጥብ ግን «እርስዎ» ነው። ድሮ ይህ «እርስዎ» ክብር ነበር፤ አሁን በየቀኑ ዕድሜዋን የሚቆጥርባት መሰላት። አዲሷ ደግሞ ይባስ ብላ «እርስዎ» ስትላት ከልቧ ነው። አንድ ቀን በር ከፍታ አሳለፈቻት፤ እትዬ ነጥብ ቀኑን ሙሉ ያንን በር ስታስብ ዋለች። አሮጊት መሰልኳት ማለት ነው፣ ወይስ ልታባብለኝ ነው? የሚጠላ ሰው ምክንያት አይቸግረውም፤ የሚቀና ሰው ደግሞ የሌላውን ደግነት ራሱን ምክንያት ያደርገዋል።

ቤት ስትገባም የምታወራው ስለ አዲሷ ነው። እንዴት እንደምትቀመጥ፣ እርሳስ እንዴት እንደምትይዝ፣ ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ። ባሏ አንድ ቀን እራት ላይ ጉርሻውን አቁሞ አያት።

«እኔ ይቺን ሴት በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ልብስ ስፋላት ብባል ግን ሳልለካት እሰፋላታለሁ» አላት። «ሰው ሲጸልይ ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል። የእሷ ጸሎት ሰምሮላታል።»

ቀልዱን ነበር። እሷ ግን ሦስት ቀን አኮረፈችው፤ ጃኬቱም እጅጌው እንደተቆረጠ ቀረ።

አንድ ወር ሙሉ በአዲሷ ደብዳቤ ላይ አንዲት ነጥብ አላረፈችም። በዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ረቂቃቸውን ለእትዬ ነጥብ ከማስገባታቸው በፊት ወደ አዲሷ ጠረጴዛ ጎራ ማለት ጀመሩ። «እስኪ አንዴ እይልኝ» ይሏታል፤ ታይላቸዋለች። እትዬ ነጥብ ጋ የሚደርሰው ወረቀት ከቀን ወደ ቀን እየጠራ መጣ፤ እርሳሷ ሥራ ፈታ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አዲሷ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ አስገባች። አሥራ ሁለት መስመር ናት። እትዬ ነጥብ ሁለቴ አነበበችው፤ እንደተለመደው ንጹሕ ነበር። ከዚያ እጇ ሄደና ሰባተኛው መስመር ጫፍ ላይ ነጥብ አኖረ። እጇ ሄደ ስንል እንዳንዋሽ፤ እሷ ናት የላከችው። ስህተት እንደሌለ ታውቃለች። ልቧ የጎረቤት አጥር እንደዘለለ ሰው ዘለለ። ወረቀቱን አጥፋ ሰጠቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አዲሷ ነጥቧን ስታይ ቀላች። «አመሰግናለሁ እትዬ» አለችና ወንበሯ ላይ ሄዳ አጎነበሰች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰባተኛው መስመር ተለውጦ ተመለሰ። እትዬ ነጥብ አላነበበችውም። ምኑን ታነበዋለች? ያልነበረ ስህተት ምኑ ይታረማል? ለወጉ ያህል ዓይኗን አሳልፋ ወደ ፊርማ ላከችው፤ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ አደረገች።

የክፉ ሥራ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል። በአምስት ሳምንት ውስጥ የአዲሷ ደብዳቤዎች ኩፍኝ የወጣባቸው መሰሉ። እትዬ ነጥብ መስመሩን የምትመርጠው እንደመጣላት ነበር፦ አንዱን የልደት ቀኗ አሥራ ሦስት ስለሆነ አሥራ ሦስተኛው ላይ፣ ሌላውን የሻይ ጠብታ ከወደቀበት አጠገብ፣ ሌላውን ዓይኗን ጨፍና። አዲሷ ምሳ መውጣት ተወች። አንዱን አንቀጽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አራት አምስቴ ታነባለች። እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው እጇ ቆም፣ ቆም ማለት ጀመረ። ወደ ጠረጴዛዋ ጎራ ይሉ የነበሩትም ቀሩ፤ «እትዬ ነጥብ አገኘቻት» ተባለ በኮሪደሩ። ይህን ስትሰማ ደስ አላት? አዎ፣ ደስ አላት። በዚያ ሳምንት ከባሏ ጋር ታረቀች፤ ጃኬቱንም ጨርስልኝ አለችው።

አንድ ቀን ብቻ፣ እጅ መታጠቢያው ጋ አዲሷ ፊቷን በውሃ ስታሻሽ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል። እትዬ ነጥብ እውነቱን ልትነግራት ምንም አልቀራትም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ዳይሬክተሩ በዚያው ሲያልፍ አዲሷን «አይዞሽ፣ እኔ አውቅሻለሁ» ሲላት ሰማች። የዚያን ቀን ሁለት ነጥብ አኖረች።

ሽማግሌው ዓርብ ዕለት ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ወጡ። ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ሁለቱንም ሴቶች አስጠራ።

ጠረጴዛው ላይ የአዲሷ ፋይል ተከፍቷል፤ ነጥብ ያረፈባቸው ረቂቆች ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዳይሬክተሩ ደስ ያለው አይመስልም። በሙከራ ላይ ያለ ጸሐፊ ከሠላሳ ነጥብ በላይ ካገኘ አይቀጠርም፤ ደንቡ የቆየ ነው፣ የሽማግሌው ነው። ቆጥሮ አርባ አንድ ነጥብ ማግኘቱን ለአዲሷ ነገራት። በመጀመሪያው ወር አንድም ሳይኖር ከዚያ በኋላ አርባ አንድ መሆኑ እንደገረመው፣ ምናልባት ቤት ውስጥ ችግር ገጥሟት እንደሆነም ጠየቃት። እትዬ ነጥብ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። አሁን ትከራከራለች፣ አሁን ነጥቦቹ የሐሰት ናቸው ትላለች ብላ ጠበቀች፤ መልሱንም አዘጋጅታ ነበር።

አዲሷ ከቦርሳዋ ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አወጣች።

«ነጥቦቹ ልክ ናቸው» አለች። «ሁሉንም ጽፌያቸዋለሁ። መስመሩን፣ ያገኘሁትን ስህተትና ያስተካከልኩበትን። እትዬ የሚያዩትን እኔ ለማየት አንዳንዴ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ግን አለ። ስፈልገው አገኘዋለሁ።»

ዳይሬክተሩ ደብተሩን ተቀብሎ ገለጠ። መጀመሪያ እንደ ዋዛ ነበር የሚያነበው፤ ከዚያ መነጽሩን አደረገ። ለቁፋሮው ተቋራጭ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ላይ ሲደርስ ቆመ። ረቂቁ «ተቆጣጣሪው ለመሐንዲሱ ጥፋቱን በጽሑፍ አሳውቆታል» ይላል። አዲሷ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል ጽፋለች፦ የማንን ጥፋት? የተቆጣጣሪውን የራሱን ነው። የሚያነብ ሰው ግን የመሐንዲሱ ሊመስለው ይችላል። እንዲህ እንዳለ ቢወጣ መሐንዲሱ በሰው ጥፋት ይታገድ ነበር።

«ይሄን እኔ ፈርሜ እልከው ነበር» አለ ዳይሬክተሩ። «አላየውም ነበር። መቼም አላየውም።» ከዚያ ወደ እትዬ ነጥብ ዞረ፤ አተያዩ ሽማግሌውን ያይበት የነበረው ዓይነት ነው። «እርስዎ ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለዎት?»

እትዬ ነጥብ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ዳይሬክተሩ ትሕትና መሰለው። ከዚያ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ቋጨው፦ በወንበሩ ላይ የነበረው ማመንታት አልቋል፤ ኃላፊዋ እሷ ናት፤ የሹመት ደብዳቤዋ ዛሬውኑ ይጻፋል። የአዲሷን ጉዳይ በተመለከተ ደንቡ ደንብ ነው፣ አርባ አንድ አርባ አንድ ነው፤ ነገር ግን የነገዋ ኃላፊ ቃል ከዛሬ ጀምሮ ይከበራል። ትቆይ ካለች ትቆያለች፤ ትሂድ ካለች ዛሬውኑ ትሸኛለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታስብበት። ደብተሩንም እንድታየው ሰጣት።

ምሳ ሰዓት ክፍሉ ጭር አለ። እትዬ ነጥብ በሩን ዘግታ ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ረቂቆቹንም አጠገቡ አደረገች። መጀመሪያ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይቺ ሴት የፈጠራ ስህተት ፈጥራ፣ የሌለውን አለ ብላ ዳይሬክተሩን እንዳሞኘችው ማየት። እንዲያ ቢሆን ይቀላት ነበር።

አልሆነም። አንድ በአንድ አየቻቸው። በሻይ ጠብታው ምክንያት ነጥብ ያኖረችበት ማስታወቂያ «እናቶች፣ አጥር እስኪደረግላቸው ድረስ ልጆቻቸውን ከጉድጓዶቹ እንዲያርቁ» ይላል። ይህን ሁለቴ አንብባ ንጹሕ ነው ብላ ነበር። አዲሷ ከሥሩ ጠይቃለች፦ አጥር የሚደረግላቸው እነማን ናቸው? እናቶቹ፣ ልጆቹ፣ ወይስ ጉድጓዶቹ? እትዬ ነጥብ ሳታስበው ፈገግ አለችና ወዲያው ፈገግታዋ ደረቀ። ዓይኗን ጨፍና ነጥብ ያኖረችበት ሌላ ደብዳቤ «በጥገናው መዘግየት እናዝናለን» ይላል። ከሥሩ፦ የምናዝነው እነማን ነን? ያዘገየው ክፍል አላዘነም፤ እኔም አላዘገየሁም። ያዘገየው ይጠራ። ቀጠለች። ሠላሳ ስምንት ነጥብ፣ ሠላሳ ስምንት ስህተት። ሁሉም ቀጫጭን ናቸው፣ ሁሉም እውነት ናቸው፤ ሁሉም በእሷ ዓይን ሥር፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ዓይን ሥር፣ ሰላም ብለው ያለፉ ናቸው።

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። እስከ ዛሬ ስትቀና የኖረችው በግምት ነበር፦ በወንበሩ፣ በአዲሷ ወጣትነት፣ በዳይሬክተሩ «አንቺማ»። አሁን ግን ማስረጃውን በእጇ ይዛዋለች። ይቺ ሴት የተሻለች ናት። ቀስ ብሎ የሚገባ ሐሳብ አልነበረም፤ ደረቷ ላይ ወድቆ ተቀመጠ። እዚያ ወንበሯ ላይ ሆና እንደዚያን ቀን በሕይወቷ ቀንታ አታውቅም።

ነገሩ ደግሞ ቀላል ነበር። «ትሂድ» ከሦስት ፊደል አይበልጥም። ማንም አያውቅም። ሽማግሌው ወጥተዋል፣ ዳይሬክተሩ አምኗል፣ አዲሷ ራሷ ደብተር ሙሉ መስክራላታለች። ጃኬቱ ቤት ተንጠልጥሏል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ቆርጣ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። ትሂድ ልትል ቆርጣ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። አዲሷ ናት። ገብታ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ እንዲያስቀሩኝ ልለምንዎት አይደለም የመጣሁት» አለች። «መጠየቁን ደንቡ ነውር እንደሚለው አውቃለሁ። ግን ልሄድ ስለምችል ሳልጠይቅ መሄድ አልፈለግኩም። ሦስቱን አላገኘኋቸውም።» ደብተሩን ወደ መጨረሻው ገልጣ በጣቷ አሳየቻት። ሦስት መስመሮች ተጽፈዋል፤ ከሥራቸው ባዶ ነው። «ቃል ለዋውጬ መለስኳቸው እንጂ ስህተቱን አላየሁትም። ይቺን ዘጠኝ ቀን ፈለግኳት። ቤት ወስጄ ለልጄ ሳይቀር አነበብኩለት። የቱ ጋ ነው ስህተቱ?»

እትዬ ነጥብ መስመሩን አየች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ትፈጥር ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ስህተት መፍጠር አይቸግረውም። ቀና ስትል ግን የአዲሷን ፊት አየችው። ለልመና የመጣ ፊት አልነበረም። ልታውቅ ፈልጋ ነው የመጣችው። ሥራዋን እየነጠቋት፣ እሷ የምትፈልገው ሦስት መስመር ማወቅ ነው። እትዬ ነጥብም ድሮ፣ በመጀመሪያ ዓመቷ፣ አንዲት ነጥብ ለማኖር እንዲህ ሆና ታውቅ ነበር፤ ያ ጉጉት መቼ እንደተዋት ግን አላስታወሰችም።

«ምንም የለበትም» አለች።

«አልገባኝም።»

«መስመሩ ምንም ስህተት የለበትም። ሦስቱም ላይ የለም። ዝም ብዬ ነው ያኖርኩት።»

አዲሷ ደብተሩን አየች፤ እሷን አየች። «ለምን?»

«ቀንቼብሽ ነው።»

ታች መንገዱ ላይ መኪና ጥሩንባ ነፋ። አዲሷ አጠገቧ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ሠላሳ ስምንቱስ?» አለች።

እትዬ ነጥብ ቀናሁ ማለት ከባዱ ነገር መስሏት ነበር። እሱማ ቀልሎ ኖሯል። ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ራሷም ራሷን የምታውቀው በዚያ ዓይኗ ብቻ ነበርና።

«እነሱን ያየሻቸው አንቺ ነሽ» አለች። «እኔ አላየኋቸውም። ሁሉንም ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያኖርኩት። ስህተቶቹን ያየኋቸው ዛሬ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከደብተርሽ።»

አዲሷ አለቀሰች ቢባል ያምር ነበር፤ ወይም አቀፈቻት ቢባል። አንዱንም አላደረገችም። ፊቷ ቀስ በቀስ ነጣ።

«አምስት ሳምንት ዓይኔን አላመንኩትም» አለች። «የልጄን ቦርሳ ዘግቼው እንደሆነ እንኳ ለማየት ሦስቴ እመለስ ነበር። ለሱቅ የምጽፈውን ወረቀት ሳይቀር ደግሜ አነባለሁ። አብጃለሁ ብዬ ነበር እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም» አለች አዲሷ። ደብተሯን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። ወደ በሩ ሄዳ ሳትከፍተው ቆመች። «ለዳይሬክተሩ ማን ይነግረዋል?»

«እኔ» አለች እትዬ ነጥብ።

ተነሳች። አዲሷ በሩን አልከፈተችላትም። እትዬ ነጥብ ራሷ ከፍታ ወጣች፤ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ የሚያወጣውን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣችው። አሁንም ትቀናባት ነበር፤ ደረጃው መሃል ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ልትመለስ አሰበች፣ ማንም አልሰማንም፣ የእሷ ቃል ከእኔ ቃል አይበልጥም ብላ። ከዚያ መውጣቷን ቀጠለች።

የዳይሬክተሩ ጸሐፊ መተየቢያዋ ላይ ተደፍታ ነበር። ቀና ብላ ስታያት ፊቷ በራ። ከጠረጴዛዋ ላይ ገና ማህተም ያልነካውን ወረቀት አንስታ አሳየቻት።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ! ጨርሼዋለሁ፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ነጥብ ካለበት እስኪ ይዩልኝ።»

እትዬ ነጥብ ወረቀቱን አልተቀበለቻትም። የዳይሬክተሩን በር አንኳኳች።